ባሌ ዓለም እንድታልቅለት የጓጓበት ሰኞ

ስለ ዓለም መጨረሻ የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት። ነገ መብራት ይጠፋል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው እንኳ ፊቱን ትንሽ ከፋ ያደርጋል። ነገ ዓለም ትጠፋለች የሚላችሁ ግን ዓይኑ ያበራል፣ ወንበሩን ወደ እናንተ ይስባል፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ አያስተውልም። ሰምታችሁት ስትጨርሱ አንድ ነገር ይገባችኋል፤ በእሱ ሒሳብ ሁላችሁም ታልቃላችሁ፣ እሱ ግን እንዴት እንዳለቃችሁ ለመመስከር በሆነ መንገድ ይተርፋል። ትሕትና ማለት ይህ ነው።

ሌላው ነገር ቀኑ ነው። ዓለም አንድ ቀን ታልቃለች ቢሏችሁ ማንም አይደነግጥም፤ እናቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል፣ እኛም ሰምተን እራታችንን በልተናል። ቀን ከተቆረጠለት ግን ነገሩ እንደ ሰርግ ይሞቃል። ቀኑን የቆረጡት ሰዎች ደግሞ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ቋንቋቸውን የማናውቀው፣ ጠርተን የማንጠይቃቸው ከሆኑ እጅግ ጥሩ ነው። ክርክር የለማ!

ይህን ሁሉ የምለው በሰው ለመሳቅ አይደለም። እሺ፣ ለመሳቅ ነው። ግን የምስቀው በገዛ ባሌ ስለሆነ መብቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ሰማንያ ሰባት፣ በእኛ ሰባ ዘጠኝ፣ ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ዛሬ እንደምታዩት ፓርኪንግ ለማግኘት ዱዓ የሚያስፈልግበት መንገድ አልነበረም፤ የእኛ ሰው ሱቅ በጣት ይቆጠር ነበር። እኔና ባሌ ይመር ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የፒኮ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሳህኖቻችን እርስ በርስ ሰላም በሚባባሉበት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ እንኖራለን። እኔ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ይመር ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን። ይመርን ብታውቁት ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እርጎ ሲገዛ የሚበላሽበትን ቀን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ከዚያ ከኋለኛው ረድፍ የሚያወጣ ዓይነት። እንዲህ ያለ ሰው የዓለምን የሚበላሽበት ቀን ከማንም ሰው አፍ ይቀበላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

የተቀበለው ከስቲቭ ነው። ስቲቭ አብሮት መኪና የሚያቆም ፈረንጅ ነበር፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ አንገቱ ላይ ድንች የሚያክል የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ያንጠለጠለ፣ ልቡ ግን የሕፃን። ይህ ስቲቭ አንድ ሰሞን ስለ ማያዎች አነበበ። ማያዎች በሜክሲኮና በጓቲማላ በኩል «የነበሩ» ሰዎች ናቸው አለው ለይመር፤ ከፈረንጅ ሁሉ በፊት ሰማዩን የቆጠሩ። በእነሱ ካለንደር መሠረት እያንዳንዳቸው ሃምሳ ሁለት ዓመት የሚፈጁ ዘጠኝ የሲኦል ዘመናት አሉ፣ የመጨረሻውም በዚህ ነሐሴ፣ እሁድና ሰኞ ላይ ያበቃል። ፕላኔቶች ይሰለፋሉ። መቶ አርባ አራት ሺህ ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ካላንጎራጎረ ምድር ትገለበጣለች። ካንጎራጎረ ግን ሃያ አምስት ዓመት ይጨመርልናል፤ በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ትልቁ ካለንደር ሲዘጋ ሁላችንም ብርሃን እንሆናለን። መቶ አርባ አራት ሺህ መሙላቱን ማን ይቆጥራል? እሱን ስቲቭ አላነበበውም።

መጀመሪያ ላይ የጠቅላላ ዕውቀት ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ይመር የሚያመውን ጥርሱን ለሐኪም አላሳይም አለ። «ከነሐሴ በኋላ እናያለን።» የመኪናችን ጎማ ተልጦ ተልጦ እንደ ጋዜጣ ሳሳ፤ «ከነሐሴ በኋላ።» ሩዝ ስንገዛ ትልቁን ከረጢት ሳነሳ እጄን ያዘና ትንሹን አስያዘኝ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣

«ዓለም የምታልቅ ከሆነ ሳህኑንስ ለምን አጥባለሁ?» አልኩት።

በምር አሰበበት። «እሱን እጠቢው» አለኝ።

በዚሁ ቢቀር ኖሮ ልተወው እችል ነበር። ባሎቻቸው ከዚህ የባሰ ያመኑ ሴቶች አውቃለሁ። ነገር ግን የዚያኑ ሰኞ ጠዋት፣ በፈረንጅ ዘጠኝ፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኢሚግሬሽን ኢንተርቪው ነበረን። ያን ዓመት መንግሥት ወረቀት ሳይኖራቸው ብዙ ዓመት ለኖሩ ሰዎች በር ከፍቶ፣ እኛም አመልክተን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የፖሊስ መኪና ባየን ቁጥር ትንፋሻችንን ስንይዝ የኖርን ሰዎች ነን። የቀጠሮው ደብዳቤ ሲመጣ እኔ እልል ብዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍሪጁ አጠገብ ሲያልፍ የተኛ ውሻ እንደሚያልፍ ሰው ሆነ።

ስለዚህ ወደ ጋሼ እንድሪስ ወሰድኩት። ጋሼ እንድሪስ ደሴ ላይ ስንትና ስንት ዓመት ሒሳብና ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ አሁን ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ምስር የሚሸጡ አዛውንት ናቸው። ረመዳን ሲቃረብ ጨረቃዋን የሚጠይቅ ሁሉ ስልክ የሚደውለው ለእሳቸው ነው፤ ሼክ ሆነው ሳይሆን የት እንደቆመች ስለሚያውቁ። ከሱቃቸው አንድ ኪሎ ምስር ገዝቶ ከአንድ ሰዓት በፊት የወጣ ሰው የለም።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ይመር ሰኞ ዓለም ታልቃለች ይላል» አልኳቸው።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አሉ። ሳይስቁ ነው የጠየቁት።

«ፀሐይ ስትወጣ» አለ ይመር።

«የት ስትወጣ? እዚህ ስትወጣ እኮ ደሴ ላይ የአስር ሶላት ተሰግዷል። ነው ወይስ ደሴን አይጨምርም?»

ስቲቭ ስለ ደሴ አልነገረውም።

ጋሼ እንድሪስ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ይህቺ ፀሐይ ናት» አሉ። ከዚህኛው ወገን አንድ የሽምብራ ፍሬ አኖሩ፣ እሱ እኛ ነን። ከሽንኩርቱ ማዶ ሦስት ምስር ደረደሩ። «ቬነስ፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ። በዚህ ሰሞን ሦስቱም ከፀሐይ ጀርባ ናቸው። ብርሃኗ ውስጥ ስለገቡ ማንም አያያቸውም። ተሰለፉ ማለትህ እውነት ነው፤ የተሰለፉት ግን ተደብቀው ነው። ስበታቸው ካስጨነቀህ ደግሞ ጨረቃ ብቻዋን ከሦስቱም ትበልጣለች፣ እሷንም በየቀኑ ችለናታል።»

«ማያዎቹ ግን ያውቃሉ ጋሼ፤ ሰማዩን ቆጥረዋል።»

«አዎ፣ ቆጥረዋል!» እዚህ ላይ እንደ ድሮው ክፍላቸው ውስጥ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ያለ መነጽር፣ በባዶ ዓይን፣ ቬነስ የንጋት ኮከብ ሆና ወጥታ፣ ጠፍታ፣ የማታ ኮከብ ሆና፣ እንደገና እስክትመለስ አምስት መቶ ሰማንያ አራት ቀን ብለው ይዘዋታል። አምስት ዙሯ የእኛ ስምንት ዓመት እንደሚሆን አውቀዋል። እንዲህ የቆጠረ ሰው ሞኝ አይደለም። ትልቁ ካለንደራቸው ደግሞ ዝም ብሎ የቀን ቆጠራ ነው፤ አምስት ሺህ ከመቶ ምናምን ዓመት ሲሞላው ይዞራል። የመኪናህ ቆጣሪ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

«ዜሮ ይሆናል።»

«መኪናው ይፈነዳል?»

«የእኛ ግን ያኔ ነው ሞተሯ የተቃጠለው» አለ ይመር፤ ይህስ እውነቱን ነው።

ጋሼ እንድሪስ ተስፋ ቆርጠው ምስሮቹን ወደ ከረጢታቸው መለሱ። ልንወጣ ስንል ይመር በሩ ላይ ዞሮ፣ «ቢሆንስ ግን ጋሼ?» አላቸው፤ እንደሚለምን ሰው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ከሰማዩ ሌላ የምትፈራው ነገር አለ?» አሉት። ይመር መሬት መሬት አየ። እኔ የጥርሱ ነገር መሰለኝ።

እሁድ አመሻሽ ላይ ከሥራ መጣና ለስቲቭ ቃል መግባቱን ነገረኝ፤ ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሊወጣ።

«ኢንተርቪውስ?»

«ዓለም ካለቀች ምን ኢንተርቪው አለ ዘይነባ?»

«ካላለቀችስ?»

ክርክሩን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ጎረቤቶቻችን አማርኛ ባለመቻላቸው አላህን አመስግኛለሁ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት ውሳኔ ግን ይህ ነው። ያለን መኪና አንድ ነው። ስለዚህ በነጋታው ለኢንተርቪው የተኮስኩትን ቀሚስ ለብሼ፣ ሰነዶቻችንን ይዤ፣ ለዓለም መጨረሻ መኪና ውስጥ ገባሁ። ባሌን ለማያዎች ትቼ የምቀር ሴት አይደለሁም፤ መኪናዋንማ በጭራሽ።

ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው ብዛቱ! ዋሽንት የሚነፋ አለ፣ ከበሮ የሚመታ አለ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ እንደ ስቲቭ የሚያብረቀርቅ ድንጋዩን ወደ ሰማይ የሚያሳይ አለ። የዓለም ፍጻሜ ነው ተብሎ ቴርሞስ ቡና ይዞ የመጣውም ብዙ ነው። እኛ ፈንጠር ብለን ሱብሂ ሰገድን። ጸጉሯ ላይ ላባ የሰካች አንዲት ሴትዮ መጥታ አጠገቤ ቆመችና ስናጎነብስ አጎነበሰች፣ ግንባራችንን መሬት ስናስነካ አስነካች። ስንጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እንዴት ያምራል! የማያዎች ነው?» አለችኝ።

«ኦልሞስት» አልኳት፣ ትንሽ ነው የሚቀረው እንደ ማለት። ጊዜ አልነበረኝም።

አንድ ሰውዬ ከፍ ብሎ የሚያበራ ኮከብ እያሳየ «ቬነስ!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም «አሃ!» አለ። ጋሼ እንድሪስ ነግረውኝ ስለነበር «ጁፒተር ነው» አልኩ። ስቲቭ በአዘኔታ አየኝ። እንግዲህ እንደዚያ ነው፤ ሰማዩን ለማክበር የወጣው ሕዝብ ሰማዩን ቀና ብሎ ለማወቅ ያን ያህል አልቸኮለም።

ከዚያ እጅ ለእጅ ተያያዙና ማንጎራጎር ጀመሩ። ይመር በአንድ እጁ ስቲቭን በሌላው እኔን ይዞ፣ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ዓይኑን ጨፍኗል። ፀሐይዋ ወጣች። ማንንም ሳታስፈቅድ፣ እንደ ትናንቱ። አንድ ውሻ ጮኸ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ስቲቭ በደስታ እያለቀሰ ሁሉንም አቀፈ፤ «ተሰማችሁ? ለውጡ ተሰማችሁ?» ይላል። ዓለም ስላልጠፋች አተረፍናት ማለት ነው። ብትጠፋ ደግሞ ትንቢቱ ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለ የማያከስር ሃይማኖት አይቼ አላውቅም።

ይመር ዓይኑን ገልጦ ወደ ታች ከተማዋን አየ። ፍሪዌዩ ገና በማለዳ መኪና ጢም ብሎበታል። ከዚያ እሱም አለቀሰ፤ እንደ ስቲቭ ግን አይደለም። ይመርን ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በድርቁ ዓመት ከአገር ደብዳቤ የመጣ ዕለት።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አላለቀችም እኮ።»

«እና?»

«እና ሦስት ሰዓት ይደርሳል።»

መኪናው ውስጥ ገብተን ነው የነገረኝ። አገር ቤት ፓስፖርት ሲያወጣ ቅጹን በገዛ እጁ ሲሞላ የልደት ዘመኑን በእኛው አቆጣጠር 1946 ብሎ ጽፎታል፤ ፓስፖርቱም እሱኑ ይዞ ወጣ። እዚህ ኮሌጅ ሲመዘገብ ደግሞ ጓደኛው መክሮት በፈረንጅ አስልቶ 1954 አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም አሁን አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው።

«ውሸታም ይሉኛል» አለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሳይነዳ። «ያባርሩኛል። አንቺንም በእኔ ምክንያት።»

እኔ እኮ ስንት ወር ሙሉ ማያዎቹን ስረግም ነበር! ባሌን ያሸበረው ካለንደር የእኛው የራሳችን መሆኑን ማን አወቀ? ንዴቴ መጣ፣ አዘኔታም ተከተለው፣ ሁለቱ ተጋፍተው አፌ ላይ ደረሱ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነሐሴ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

ከሾፌር ወንበር አስነሥቼው ራሴ ድራይቭ አደረግኩ።

ቢሮው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ሕንጻውን ዞሮ ነበር። ከፊታችን የቆመው አጠር ያለ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘ፣ ሸሚዙ በሥርዓት የተተኮሰ ሰው ነው፤ ይህን እኔ ወዲያው ነው የማየው። ይመር ሲጨንቀው ከሰው ጋር ማውራት ይወዳል። የሰውየው ስም ፓስኩዋል ነው፣ ከጓቲማላ።

«ጓቲማላ! ማያዎች የነበሩበት!» አለ ይመር።

«እኔ ማያ ነኝ» አለው ሰውየው።

ይመር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ማያዎች አሉ እንዴ?»

«አፓርታማዬ ውስጥ ብቻ ስድስት ነን።»

ከዚያማ ይመር ማን ያቁመው? ሲኦሎቹን፣ ፕላኔቶቹን፣ ተራራውን፣ ሁሉንም ዘረገፈለት። ፓስኩዋል በትዕግሥት ሰማው። ስለ ዛሬው ቀን ሰምቶ አያውቅም። የእናቱ አባት ግን ቀን የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሁለት መቶ ስድሳ ቀን፣ መቼ በቆሎ እንደሚዘራ፣ ሕፃን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለማወቅ።

«ሲያልቅስ?» አለ ይመር።

«ከአንድ ይጀምራል።»

ፓስኩዋል ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረና፣ «የዓለም መጨረሻ የምትለው ግን፣ ለእኛ አልፏል» አለ። «የዛሬ ስድስት ዓመት ወታደሮች መጡ። ቤቱን አቃጠሉ፣ በቆሎውንም አቃጠሉ። ረቡዕ ነበር። ቀኑን ቀድሞ የነገረን ሰው የለም።»

እኔና ይመር ተያየን። እኛ ድርቅ የመታው የወሎ ሰዎች ነን፤ ያለ ምንም ካለንደር አንድ አገር እንዴት እንደሚያልቅ እናውቃለን። ፓስኩዋል ከፊታችን አንድ ነገር አንብቦ መሰለኝ፣ «በእናንተስ?» አለ።

«በእኛም አልፏል» አለው ይመር።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ «እስከ እኩለ ቀን የሚጨርሱን ይመስላችኋል? ሥራ አለብኝ» አለን።

የጠየቀችን ሴትዮ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድካሟ ከጠዋት የጀመረ ጎልማሳ ነበረች። የእኔን ቶሎ ጨረሰች። የይመርን ፋይል ገልጣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገቻቸው፣ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ ወሰደች። «1946 ነው ወይስ 1954?»

ይመር አፉን ከፈተ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ተራዬ ነበር። የሰማሁት ግን የማላውቀውን ይመር ነው። ስቴፕለሯን አንስቶ መሐል ላይ አኖረና «ይህቺ ፀሐይ ናት» ብሎ ጀመረ። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፣ ጳጉሜ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ቀን እንደሆነች፣ አዲስ ዓመታችን በመስከረም እንደሚገባ፣ ስለዚህ አንዳንዴ ሰባት አንዳንዴ ስምንት ዓመት እንደምንለያይ፣ አንድም ሳያምታታ አስረዳት። በመጨረሻም «ሁለቱም እኔ ነኝ። የዋሸሁት የለም። የፈራሁት ነበር» አላት።

ሴትዮዋ ስቴፕለሯን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተች።

«ይህን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በጣም ቆንጆው ማብራሪያ ነው» አለች። «ግን ቅጹ ላይ ቦታው አንድ ነው። ፓስፖርት ፓስፖርት ነው።» 1946 ብላ ጻፈች፣ ማኅተሟን አሳረፈች። አለቀ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ኮሪደሩ ላይ አልሃምዱሊላህ ብዬ ልዘል ስል ይመር ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ቆሟል።

«አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ» አለ።

ዘብ የቆመው ሰውዬ እስኪገላምጠኝ ድረስ ሳቅሁ። «አትሳቂ» አለኝ፤ «ሠላሳዎቹን እኮ ገና ሦስቱን ነበር የነካኋቸው።» ቤት እስክንደርስ መስታወት ውስጥ ራሱን ያይ ነበር። ማታ ራሱን አመመኝ አለ፤ ዕድሜ ነው አለ።

ብዙ ሰው ወረቀቱን አስተካክል ብሎ መክሮታል። መጀመሪያ ላይ ፈራ፣ ቀጥሎ ተወው፣ በኋላማ ጣመው። ከእሱ የሚበልጡ ሰዎች በወረቀት ታናሾቹ ሆኑና «ጋሼ ይመር» ይሉት ጀመር፤ እሱም ሳያፍር ይቀበላቸዋል። እናቱ በወለዱት ሒሳብ ገና ስልሳ ሳይሞላው፣ አሜሪካ በወለደችው ሒሳብ ጡረታ ወጣ። ይኸው አሁን በጠራራ ፀሐይ ፌርፋክስ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ እኩዮቹ ታክሲ ይዘው ሲያልፉ በአዛውንት ደንብ እጁን ያነሳላቸዋል።

እኔ፣ ቅጼን ያለ አንዲት ስህተት የሞላሁት፣ ለጡረታ ገና ስድስት ዓመት ይቀረኛል። ሸሚዝ ካላችሁ አምጡ።